የምንዋጋው መርዶ

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኤርምያስ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ አለን። «ደኅና ነን» ብዬ እንዳልጽፍልህ፣ ደኅና መሆን ምን ዓይነት ነገር እንደነበረ ተረስቶኛል፤ አለን ግን። ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ሰዉ እንደ ድሮው በወረቀት ሆኗል የሚነጋገረው። የእህል መኪና የሚነዳው ቅጣው የፎቶ መጽሐፋችንን ረቂቅ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አድርሶልኛል። ዝናብ አልነካውም። ዝናብማ ከየት መጥቶ! ክረምቱ ሳይዘንብ ነው የወጣው። የአበርገሌ ሰው ከብቱን ጨርሶ ዳግመኛ ወደ እኛ እየመጣ ነው።

ሰዎቹን ማግኘቴን ጠይቀኸኛል። ያነሣናቸውን እየዞርሁ ፈቃዳቸውን እየጠየቅሁ ነው። ግማሾቹ የሉም፤ የት እንደሄዱ ስጠይቅ ሰው ወደ ታች ያያል። ከኒሯቅ የተፈናቀለችውን ጸሐይነሽን መጠለያው ውስጥ አገኘኋት። ባዶ ጆንያ ታቅፋ የተቀመጠችበትን ፎቶ አሳየኋት። ብዙ አየችውና «ይኼን ያነሣችሁኝ በተራብሁ ጊዜ ነው» አለችኝ። «አሁንስ?» ብላ ደግሞ ሳቀች። «ደግመሽ ታነሺኛለሽ ወይስ አንዱ ለሁለቱም ይበቃል?» ፈቃዷን ግን ሰጥታለች። «ስሜን ከነአባቴ ጻፉት» ብላለች።

አሁን የምነግርህን ስታነብ አትቆጣኝ። መግቢያው ላይ ያደረግኸውን የባልደረባችንን የምንዋጋውን ፎቶ፣ ከሥሩም «ነፍሱን ይማር» ብለህ የጻፍህበትን ገጽ ቀድጄ አወጣሁት። መርዶው የተነገረ መስሎህ ነበር፣ አይደል? አልተነገረም። የዛሬ ሁለት ዓመት በዚያ ነሐሴ፣ አንተ በደሃና በኩል በእግርህ ስትወጣ፣ በሰው የላክኸው ወሬ ሲደርሰን ሚስቱ አገኘሁሽ ወሯ ገብቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ «አራስ ቤት መርዶ አይገባም» አሉ። እሷ ስትወልድ ከተማው ተያዘ። ከተማው ሲለቀቅ ረኃብ ገባ። ረኃቡ ጋብ ሲል ሕፃኑ ታመመ። በመሐል ደግሞ አንድ ከእስር የተፈታ ሰው «ካሜራ የሚይዝ የሰቆጣ ልጅ እዚያ ማዶ አይቻለሁ» ብሎ ወሬ አመጣ። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ አፉን ይክፈት? ከተማው ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት አባቱ የኔታ ወልደ ኢየሱስና አገኘሁሽ ብቻ ናቸው።

ገጹን በቀደድሁ ማግሥት የኔታ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡ። «የልጄ ሥራ መጣ አሉ፤ አሳዪኝ እስቲ» አሉኝ። ልጃቸው ባስተማረኝ ቤት፣ ልጃቸው በሠራው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ገጹን አንድ ባንድ ገለጡት። ሲጨርሱ መጽሐፉን እንደ ዳዊት ሳሙት።

ስለ አሟሟቱ ያን ጊዜ በሰው አፍ ነው የሰማሁት። አንተ በእጅህ ጻፍልኝ። ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዓይናዲስ

•

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ዓይናዲስ፤

አልተቆጣሁም። ደነገጥኩ እንጂ። እኔ እኮ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ «ዛሬ ተዝካሩን ያወጡ ይሆናል» እያልኩ ነበር የምውለው።

ጠይቀሽኛልና ልጻፍልሽ። ከኒሯቅ የሚሸሸው ሕዝብ በደረቁ ወንዝ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ምንዋጋው ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ሲሻገሩ ፊት ለፊት ላገኛቸው ብሎ ቀደመ። «ኤርሚ፣ አንተ ከኋላ፣ እኔ ከፊት» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው፤ ሌላ ነገር ተናግሮ እንደሆነ እንዳትጠብቂ። ከባድ መሣሪያው የወደቀው እሱ በነበረበት በኩል ነው። ስደርስ ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፤ እሱ ግን አልነበረም። ሁለት ገበሬዎች ቆመው ረዱኝ። የማላውቀውን እነሱ ያውቁ ነበር። ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርገን፣ በአንደኛው ገበሬ ጋቢ ጠቅልለን ቀበርነው። ቄስ አልነበረም። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ድንጋይ ከመርንበትና ሸሸን።

ከካሜራው ባወጣሁት ካርድ ላይ የሴቶቹ ፎቶ አለ። አንዷ ወደ እሱ እያየች ነው። መጽሐፉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ዓይናዲስ፣ የመጽሐፉ እኩሌታ የሱ ሥራ ነው። ማተሚያ ቤቱ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አልነካም ብሎኛል፤ ልክም ነው። ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? በሕይወት እንዳለ ሰው አስመስዬ ብጽፈው በሙት ላይ መዋሸት ነው። ሞቷል ብዬ ብጽፍ ደግሞ ልጃቸውን ከመጽሐፍ አንብበው ሊቀብሩት ነው። ይህ ከተማ ያየውን መከራ የሚያሳይ ሌላ ነገር የለንም፤ ይህ መጽሐፍ ካልወጣ ያ ሁሉ ሰው እንዳልነበረ ሊሆን ነው። እባካችሁ ንገሯቸው። እኔ ልምጣ ብል መንገዱን ታውቂዋለሽ። አውቶቡስ ቆሟል፣ ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ በየኬላው ጠላት ነው።

የኔታን ስሚልኝ። ምክንያቱን አትንገሪያቸው።

ኤርምያስ

•

ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኤርምያስ፤

«ንገሯቸው» ማለት ለጻፈው ሰው ቀላል ነው።

ሽማግሌዎቹን ሰበሰብሁ። አለቃ ይሄይስ፣ የኔታ አብሮ አደግ፣ ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ ወሬው ሁለት ነው። አንዱ ሞቷል ይላል፣ አንዱ ታስሯል ይላል። እኛ በጆሯችን በሰማነው መርዶ ብናረዳና ነገ ልጁ በበር ቢገባ፣ በየትኛው ዓይናችን እናየዋለን? በእጁ የቀበረው ይምጣና ይንገር።» ሌሎቹም «እውነት ነው» አሉ። እውነትም ነው። ፈርተውም ነው። እኔም ፈርቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የኔታ እጄን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። «አንቺ ከሱ ጋር የሠራሽ ነሽ፣ ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ስሙን በየቅዳሴው አነሣለሁ። እስካሁን ከሕያዋን ጋር ነው የማነሣው። ሰው ግን እኔን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀምሯል። ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን ጋር? ላለቅስ ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ጸሎቴ አድራሻውን እንዳይስት ብዬ ነው።»

«አላውቅም የኔታ» አልኋቸው። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ! እጄን ለቀቁኝና «እንግዲያው እንደጀመርሁት ልቀጥል» ብለው ሄዱ።

ስለ አገኘሁሽ ደግሞ ልንገርህ። መጽሐፉን በየቀኑ መጥታ ታያለች፤ ፎቶ አጣቢ ሆና የሠራችበት ቤት ስለሆነ አልከለክላትም። የአንተንና የሱን ፎቶ ሳትሳሳት ትለያለች። እንዴት እንደምትለይ ስጠይቃት «እሱ ሲያነሣ ይንበረከካል» አለችኝ። «ለዚህ ነው በሱ ፎቶ ላይ ሕፃን ሁሉ ረጅም የሆነው።» ወንዙን የሚሻገሩትን ሴቶች ስታይ ቆማ ቀረች። «እዚህ ጋ ቆሟል» ብላ ጣቷን ከፎቶው ውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ይኼን ካነሣ በኋላ ነው የያዙት ማለት ነው።» ከዚያ ልጇን «አባባ እዚህ ጋ ነው ያለው» እያለች አሳየችው።

ጥምቀት እየመጣ ነው። አዲስ ቀሚስ ልታሰፋ ነው፤ «ድንገት ቢፈታ» ትላለች። ኤርምያስ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ቀንም ሌትም የሰው ሬሳ ደብቄ እንደምኖር ሆኛለሁ። መጽሐፉ ይቅር አልልህም፣ ይውጣም አልልህም። አንተ ግን ና። በእግርህም ቢሆን ና።

ዓይናዲስ

•

አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓይናዲስ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ቦታ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። እመጣለሁ።

ቅጣው ወልዲያ ላይ ይጠብቀኛል፤ ከእህሉ ጋር ጭኖኝ በላሊበላ በኩል እንገባለን። የካቲት 2 አመሻሹ ላይ ከከተማው አፋፍ እንደርሳለን ብሏል። በምሽት ግን አያስገቡም፤ እዚያው አድረን ማለዳ እንገባለን። ሽማግሌዎቹ የካቲት 3 ጎሕ ሲቀድ ከየኔታ ደጅ አጠገብ ይጠብቁኝ። እኔ ብቻዬን በዚያ በር መግባት አልችልም።

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። አለቃ ይሄይስ ይንገሩኝ። እናንተ ዘንድ መርዶ የሚነግር ሰው በመጀመሪያ ምን ይላል?

ኤርምያስ

•

ሰቆጣ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኤርምያስ፤

ይህን ደብዳቤ የምልክልህ የት እንዳለህ ሳላውቅ ነው። ቅጣውም አልተመለሰም። በሕይወት ካለህ አንብበው። ከሌለህም ማን እንደሚነግረኝ እንጃ።

በተባባልነው ማለዳ ተሰበሰብን። አለቃ ይሄይስ፣ ቄሶቹ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ከጋዝጊብላ የመጡ ዘመዶች፤ ሁሉም ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከየኔታ አጥር ሥር ቆሙ። «አሁን ይደርሳል» እያልኋቸው ወደ መንገዱ አያለሁ። መኪና አይሰማም። ሰማዩ ነጣ። «እንመለስ፣ ሌላ ቀን ይሆናል» አለ አንዱ። አለቃ «እንመለስ» ብለው ገና ዘወር ሳይሉ በሩ ተከፈተ።

የኔታ ለኪዳን ሊወጡ ነው። መቋሚያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ያን ሁሉ ሰው አዩ። በእኛ አገር ያ ሁሉ ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ሰው ደጅ ላይ ለምን እንደሚቆም እሳቸው ያውቃሉ፤ ስንቱን ቤት እሳቸው ራሳቸው መርተው አርድተዋል። ማንም «እንደምን አደሩ» አላለም።

የኔታ ነበሩ የተናገሩት። «ግቡ እንጂ» አሉ። «ደጅ አትቁሙ፤ ብርድ ነው።»

ማንም ሳይገባ መሬት ላይ ተቀመጡ። መቋሚያውን ከጎናቸው አስተኙት። «ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ጠየቁ። አለቃ «ከዚያ ነሐሴ» አሉ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ስሙን ይህን ሁሉ ጊዜ ከሕያዋን ጋር በማንሣታቸው ይቅርታ እየጠየቁ ነበር።

አገኘሁሽ ልጇን አዝላ ወጣች። አንድም ሰው አልነገራት። ፊታችንን አየች፣ ዞር ብላ የኔታን መሬት ላይ አየች። ጩኸቷን ልጽፍልህ አልችልም። ከጩኸቱ በኋላ ያለችውን ግን ልጻፍልህ፤ ለኔ ነው ያለችው። «በጥምቀት ቀሚስ ለብሼ ስወጣ አይተሽኛል። ፀጉሬን ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አይተሽኛል። ሰው ሁሉ ባል እንደሌለኝ እያወቀ እኔ መንገድ ለመንገድ ስስቅ ነበር። ዓይኔ፣ እኔ ላንቺ ምንሽ ነበርሁ?» «ለልጁ ብለን ነው» አልሁ። «ልጁማ ጡት ከተወ ቆየ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችኝም። ጥቁር ለብሳለች። ለልቅሶ ስሄድ ፊቷን ዞር አድርጋ ትቀመጣለች፣ እኔም ከደጅ ከሚቀመጡት ጋር እቀመጣለሁ።

የኔታ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ «የት ነው ያለው?» ፍትሐት ሳይደረግለት የተቀበረበትን ሊያዩ ይፈልጋሉ። እኔ አላውቅም። አንተ ነህ የምታውቀው። ኤርምያስ፣ ፈርተህ ከመንገድ ተመልሰህ ከሆነ አልፈርድብህም። ግን መኖርህን አሳውቀኝ።

ዓይናዲስ

•

አዲስ አበባ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓይናዲስ እህቴ፤

አለሁ። ቅጣውም አለ፤ መኪናውን ግን ገና አልሰጡትም። ፈርቼ አልተመለስኩም። መንገድ ላይ አስወረዱን። እነማን እንደሆኑ አልጽፍም፤ ይህ ወረቀትም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ቦርሳዬን ፈትተው ለየኔታ ልሰጣቸው ያመጣኋቸውን የምንዋጋውን ፎቶዎች አፈር ላይ ዘረገፏቸው። «ይኼን ለማን ልታሳይ ነው?» አሉኝ። «ለአባቱ» አልኩ። አላመኑኝም። አንዱ ልጅ እግር ወታደር ግን ጎንበስ ብሎ አንዱን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ በግንባሩ ደፍቶ አስቀመጠው። በየካቲት 3 ጎሕ ሲቀድ እኔ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተዘግቶብኝ ነበር። ያን ሌሊት እናንተን እያሰብኩ ነው ያነጋሁት። ሲለቁኝ ካሜራዬንና ፎቶዎቹን አስቀርተው ወደ መጣሁበት መለሱኝ። የመጽሐፉ ቅጂ እዚህ ስላለ ሥራው አልጠፋም።

ደብዳቤሽ ከኔ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ። እኔ ልናገረው የነበረው ሳልናገረው ተነገረ። ቀለለኝ ብልሽ እግዜር አይወደውም፤ አልቀለለኝምም።

ቦታውን ለየኔታ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ። ከኒሯቅ ወደ ታች የሚወርደውን ደረቅ ወንዝ ይዛችሁ ስትሄዱ በስተግራ ቀይ ገደል አለ። ገደሉን እንዳለፋችሁ አንድ ትልቅ ኩርኩራ ታገኛላችሁ፤ በዚያ አካባቢ ሌላ ዛፍ የለም። ከሥሩ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል፣ ድንጋይ ከምረናል። ሌላ መቃብር አልነበረም፤ አትሳሳቱም።

የመጽሐፉን ነገር አሁን አላነሣም። አገኘሁሽ ካንቺ ጋር ስትታረቅ፣ ከታረቀች፣ ያኔ።

ኤርምያስ

•

ሰቆጣ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤርምያስ፤

መኖርህን ሳነብ ደጅ ወጥቼ አለቀስሁ። ሰዉ ሌላ መርዶ የመጣ መስሎት ከበበኝ።

ሄደን መጣን። የኔታ መጽሐፈ ግንዘታቸውንና መስቀላቸውን ይዘው፣ አለቃ ይሄይስ ውኃ በአህያ ጭነው፣ እኔ ደግሞ ካሜራዬን በነጠላዬ ሥር አድርጌ። የልጃቸውን አጽም ጠቅልለው ወደ ደብራቸው ሊያመጡበት ነጭ አቡጀዲም ይዘው ነበር። ኒሯቅን አልፈን ስንወርድ ያየሁትን ምድር ልነግርህ አልችልም። የከብት አጥንት ነው ያለው።

ቀዩን ገደል አገኘነው። ኩርኩራው ግን የለም። ለከሰል ይሁን ለማገዶ ቆርጠውታል፤ ጉቶው ቀርቷል። ጉቶው ዙሪያውን ደግሞ የድንጋይ ክምር ነው ኤርምያስ። አንተ አንድ ትተሃል፤ እኛ ያገኘነው መስክ ሙሉ ነው። ከአንተ በኋላ የመጣው ሁሉ እዚያ ቀብሯል፤ ጥላ ስለነበረው ይሆናል። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ክምር ብዙ ነው። ትልቅም ትንሽም አለ። ትንንሾቹ የማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልገኝም።

አለቃ ይሄይስ «ይኼ ይመስላል» ብለው አንዱን ክምር በእጃቸው ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ የኔታ ያዟቸው። «የማንን ልጅ ቆፍሬ ልውሰድ?» አሏቸው። «ሌላ አባት መጥቶ ቢያጣውስ?»

አቡጀዲውን አጣጥፈው አህያው ላይ መለሱት። መጽሐፋቸውን ገልጠው በመጀመሪያው ክምር ራስጌ ቆሙ። ስም የሚጠራበት ላይ ሲደርሱ የልጃቸውን የክርስትና ስም ጠሩ፤ «ኃይለ ሚካኤል» አሉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ደግመው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ስም የሚጠራበት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ» አሉ። ወደ ሦስተኛው ሄዱ። ፀሐዩ በረታ። አለቃ «ይብቃዎ፣ ጾም ነው» አሏቸው፤ አልሰሟቸውም። ድምፃቸው ሲዘጋ አለቃ እየተቀበሉ ደገሙ። ክምሩ አላለቀም፣ ቀኑ አለቀ።

ካሜራዬን ማውጣት ነውር መስሎኝ በነጠላዬ እንደሸፈንሁት ነበር። የኔታ አይተውታል። «ልጄ የሞተው ይኼን ሲያደርግ አይደለም?» አሉኝ። «አንሺ።» ተንበርክኬ አነሣኋቸው። መኪናውን ስለለቀቁለት ካርዱን ቅጣው ያደርስልሃል። የመጽሐፉ መጨረሻ ይሁን ወይም አይሁን አንተ ታውቃለህ።

የአገኘሁሽን ፈቃድም አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ስንቅ ስናስር ነው እሷ ራሷ መጥታ የሰጠችኝ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ ያናገረችኝ በዚህ ብቻ ነው። «ኤርምያስ እሱ ያየውን ሁሉ ያሳትመው፣ ስሙንም ይጻፈው» አለች። «እሱ ራሱ የተነሣበትን ፎቶ ግን አያድርግ። እኔ ሳላየው የተቀበረውን ሌላ ሰው አይየው።» አደራ፣ ቃሏን ጠብቅ።

ስንመለስ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችን፣ ልጁን ይዛ። መጀመሪያ ወደ አህያው አየች፤ አቡጀዲው እንደታጠፈ ነው። ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ አላገኛችሁትም?» አለች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አሁንም ልንዋሻት ነው አልሁ በልቤ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቧ ቆሙ። በቀረቻቸው ድምፅ፣ «አገኘነው ልጄ» አሏት። «ብቻውን አይደለም። አገር ሙሉ ሰው አብሮት አለ።»

ዓይናዲስ